ከሁለተኛው ካልኩለስ በፊት

ልጅቷ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበረች። እናቷ ከምትሰፋበት ጠረጴዛ ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተጋድማ ከላይ የሚመላለሰውን ወሬ ትሰማለች። የስፌት መኪናው ሲሮጥ ቃሉ ይጠፋል፤ መኪናው ቀጥ ሲል ይመለሳል። ስለዚህ ያ ወሬ በልቧ የቀረው እንደ ጨርቁ ተቆራርጦ ነው።

«የመጀመሪያውንማ እንደ ውሃ ነበር የጠጣው» አለች እናቷ።

«ታዲያ ምን ነካው ትያለሽ?» አክስቷ ናት።

መኪናው ሮጠ። ቆመ።

«... ሁለተኛው ነው። ሁለተኛውን ካልኩለስ ሲጀምር ነው እንቅልፍ የከዳው። ከዚያ ወዲያ ልጄን አላገኘሁትም።»

«አንቺ ደግሞ! ቁጥር ሰው ይበላል እንዴ?»

«በላ እንጂ! ዓይኔ እያየ!»

አክስቷ የመለሰችውን መኪናው ዋጠው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምታስታውሰው የእናቷን እግር ብቻ ነው፤ የመኪናውን መርገጫ ተጭኖ፣ ሳይረግጥ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የቆየውን እግር።

አባትየው የትልቁን ልጁን፣ የልጅቷን ወንድም፣ መጻሕፍት ሰብስቦ የብረት ሣጥን ውስጥ ከተተና ቆለፈባቸው። ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነው፤ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሰፈሩን ሁሉ ቁልፍ ሲሞርድ የኖረ ሰው። «እኔ የቆለፍኩትን እኔም አልከፍተው» እያለ ይቀልድ ነበር። ያን ቀን ግን አልቀለደም። በልጁ ፊት የሒሳብ ነገር እንዳይነሣ በቤቱ ሕግ ወጣ። እናትየው የደንበኛ ወገብ ስትለካ እንኳ ቁጥሩን በሹክሹክታ ትጠራ ጀመር፤ ደንበኞቿም ውፍረታቸውን ደብቃላቸው እየመሰላቸው ይመርቋታል።

ልጁ ታሞ ከገባበት የአእምሮ ሆስፒታል ሲመለስ ጸጥ ያለ ሰው ሆኖ ተመለሰ። በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የልብስ ቁልፍ ይተክላል፣ የተማሪ ቀሚስ ሽንሽን ይተኩሳል። ሲጠሩት «አቤት» ለማለት ጊዜ ይወስድበታል። ጠዋት ጠዋት እናቱ ኪኒኑንና የውሃውን ብርጭቆ ትሰጠውና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጢም ያወጣ ልጅ አፉን እንደ ሕፃን ሲያዩበት አይወድም ብላ ነው። ለክብሩ ነው። ዓመታት እንዲሁ አለፉ፤ ቤቱም ሰላም ሆነ ተባለ።

ልጅቷ አደገችና ኮሌጅ ገባች። የምሕንድስና ትምህርት ነው። ቤት ውስጥ «ስለ ግንባታ ነው» ተብሎ ታለፈ፤ አባቷ ግን በሆዱ ያውቃል፤ ብረት ሲሞርድ ቀና ብሎ ያያታል፣ ምንም አይልም።

የመጀመሪያውን ካልኩለስ በጥሩ ውጤት አለፈችው። እንዴት እንዳለፈችው የምታውቀው እሷና ፈጣሪዋ ናቸው። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው አሰባስባ ሸምድዳቸው ነበር። መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ እየቀያየረ የሚያወጣ ሰው ስለሆነ ሽምደዳው ሠራላት። አሁን ግን ከሁለተኛው በፊት አጭር ዕረፍት መጣ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም አንድ ወረቀት ተለጠፈ፦ ሁለተኛው ካልኩለስ በመጀመሪያው ቀን በፈተና ይከፈታል፣ በዚህ ፈተና የወደቀ ከምሕንድስና ይወጣል። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ለዕረፍቱ ተዘግቷል። ያላት ቦታ ቤቷ ብቻ ነው።

ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት፣ በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ነበር። መስታወትና አንድ በርጩማ ብቻ ያለበት። እዚያ ገብታ መጋረጃውን ስባ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የመጀመሪያውን ጥያቄ አየችው፤ አላወቀችውም። ሁለተኛውን አየችው። ለራሷ በሹክሹክታ እያነበበች ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ አንዱም ከሸመደደችው ጋር አይመሳሰልም። መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና በሰው እጅ ተመርታ መጥታ፣ አሁን «ብቻሽን ተመለሽ» የተባለች ያህል ሆነባት።

ቀና ስትል ከመጋረጃው ሥር የወንድሟን ነጠላ ጫማ አየች። አይንቀሳቀስም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቀችም።

«ጉጉት» አላት በዝግታ። በሕፃንነቷ በዓይኗ ትልቀት ያወጣላት ስም ነው። «ምን... እያደረግሽ ነው?»

«ምንም፣ ወንድም ጋሼ። ልብስ እየለካሁ።»

ስታነብ ሰምቷት ኖሯል። «ልብሱ ኢንተግራል አለው?» አላት።

ስንት ዓመት ቀልዶ አያውቅም። ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደነገጠች። ወንድሟ መጋረጃውን ገለጠና መጽሐፉን አየው። ዓይኑ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ፤ ከሩቅ የሚያልፍ መኪና መብራት ግድግዳ ላይ ብልጭ ብሎ እንደሚጠፋው።

«ዴሪቬቲቭ... ወደ ፊት መሄድ ነው» አለ። «ኢንተግራል ግን...»

ቃሉ ጠፋበት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ። አንገቱን ደፍቶ ወደ መተኮሻው ተመለሰ።

በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ያው ነጠላ ጫማ መጣ። «መመለስ ነው» አላት። የትናንቱን ንግግር መጨረሱ ነበር።

እንዲህ ተጀመረ። እናቷ በወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን ስታስሮጥ እነሱ ከመጋረጃው ጀርባ ያወራሉ፤ መኪናው ሲቆም ዝም ይላሉ። ማስተማሩ ዘዴ ነበረው። እርሳስ አያስነካትም። «መጀመሪያ ግምትሽን ንገሪኝ» ይላታል። «ይኼ ከመስመሩ በታች ያለው ቦታ ስንት ይመስልሻል? ከአንድ ይበልጣል? ከሁለት ያንሳል? ሳታዪው አትቁጠሪ።» እሷ ቀመር ልትጠራ አፏን ስትከፍት እጁን ያነሣል። «አታነብንቢልኝ። በቀቀን ነሽ እንዴ?» መጀመሪያ አካባቢ አንዱን ሐሳብ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር። ሰንበት ሲል ግን ቃሉ ቶሎ ቶሎ ይመጣ ጀመር። የእጁ መንቀጥቀጥ ቀነሰ። አንድ ጠዋት እየተላጨ ሲያፏጭ ሰሙት።

እናት ከደስታዋ ብዛት ጣቷን በመርፌ ወጋች። «ጸሎቴ ደረሰ» አለች።

አባትየው ምሳ ላይ፣ «አንተ ጎበዝ፣ ዛሬ ደግሞ ፊትህ በርቷል! ሚስት ልንፈልግልህ ነው መሰል» አለው።

«ቁልፏን አንተ ቅረጽልኝ፣ አባባ» አለ ልጁ፣ ጠረጴዛውም በሳቅ ተናጋ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህን ያስታወሰ አልነበረም።

ልጅቷ ነገሩን ያየችው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ወንድሟ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ አጎንብሷል። ከአፉ ነጭ ነገር አውጥቶ ውሃ መውረጃው ላይ ጣለና ቧንቧውን ከፈተበት።

«ወንድም ጋሼ! ምንድን ነው የተፋኸው?»

አልደነገጠም። «ጭጋግ» አላት።

«ኪኒኑን ነው?»

«ስውጠው ጭንቅላቴ ጥጥ ይሞላል፣ ጉጉት። ቁጥሩ እዚያው አለ፤ አየዋለሁ፤ እጄ ግን አይደርስበትም። የመጀመሪያ ቀን አላየሽኝም? አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶኝ!»

«እማ ብታውቅ ትሞታለች።»

«እማ ፊቷን ታዞራለች» አለ ፈገግ ብሎ። «ኮርስሽ እስኪጀመር ብቻ ነው። ከዚያ እውጠዋለሁ። አንቺ ዝም በይ፣ እኔ አሳልፍሻለሁ። አይሻልም?»

አዎ አላለችም። አይሆንም አላለችም። ዝም ማለት መስማማት ነው፤ እሷም አሳምራ ታውቀዋለች። ካወራች አስተማሪዋን ታጣለች፣ ከምሕንድስናም ትወጣለች። ዝም ካለች ደግሞ ያ የሆስፒታል በር እንደገና ሊከፈት ይችላል። ያን ዕለት ጸሎት ስታደርስ፣ «አምላኬ፣ ፈተናዬ እስኪያልፍ ብቻ ያዝልኝ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አፈረችበት። ወንድሟን እንደ ተውሶ ዕቃ ነበር የለመነችው።

ወደ ተከታታይ ድምር የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሟ ከእናቱ ቁርጥራጭ አንድ ረጅም የሰማያዊ ጨርቅ ጥብጣብ አንሥቶ መቀስ ያዘ። ግማሹን ቆርጦ አስቀመጠ። የቀረውን ግማሽ ቆርጦ ጨመረበት። እንደገና የቀረውን ግማሽ።

«ስንጨምር ብንኖር ያልቃል?»

«አያልቅም።»

«ከጥብጣቡስ ይበልጣል?»

«አይበልጥም! ሁልጊዜ ትንሽ ይቀራል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ራሱ በራ፤ ሳትሸመድደው ገባት። «የማያልቅ ድምር ሆኖ ልክ አለው!»

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ ይኼን እዪ። አንድ። ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሲሶ፣ ከዚያ ሩብ፣ አንድ አምስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ...» ድምፁ ፈጠነ።

«እሱም እያነሰ ነው የሚሄደው። እሱም ልክ አለው።»

«የለውም!» ሳቀ፤ ሳቁ ከቀልዱ በለጠ። «የፈለግሽውን ቁጥር ጥሪ፤ ድምሩ ያልፈዋል። ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያየው። እያነሰ የሚሄድ ነገር ሁሉ የሚያበቃ እንዳይመስልሽ።»

እያወራ መቁረጡን አልተወም። ጥብጣቡ ሲያልቅ ከበርጩማው ላይ ሌላ ጨርቅ አነሣ፤ ለደንበኛ የተዘጋጀ እጅጌ ነበር። እሱንም ቆረጠው፤ ክር እስኪሆን፣ ጣቱ የያዘው እስኪጠፋው። መቀሱን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። እጁ እንደ ምድጃ ይፈጃል።

ለእናቷ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለቻት፤ ስድቡንም ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ እየበዛ ሄደ። ምግቡን ይነካካል እንጂ አይበላም። እናትየው ጠዋት ላይ፣ «ሌሊቱን ሲንጎራደድ ሰማሁት፤ ደስታ ነው መሰል እንቅልፍ የነሳው» ትላለች፤ ልጅቷም ዳቦዋን መልሳ ታስቀምጣለች። እንቅልፍ። ያቺኑ ቃል ከጠረጴዛ ሥር ሆና ሰምታት ነበር። ወንድሟ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ይጨርስለታል። የመስኮቱን ጠርዝ፣ የጠረጴዛውን ጥግ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ይዳብሳል። «ማዕዘን በዝቷል በዚህ ቤት» ይላል። እሷ ግን አሁን ጥያቄዎቹን ትፈታለች። ገምታ፣ አይታ፣ ራሷ ትፈታለች። አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የቀራት። አንድ ምዕራፍ፣ አለች ለራሷ። ከዚያ እናገራለሁ።

ይህን ባለችበት ቀን አባትየው ምሳ ሊበላ መጥቶ እጁን እየታጠበ፣ «ልጄ፣ አንድ ውለታ ትውልልኛለህ?» አለ። «ብዙ የቀረጽኩት ቁልፍ አለ፤ ባለቤቶቹ ይመጣሉ። እስክበላ ሱቁን ጠብቅልኝ። ስማቸውን ይነግሩሃል፣ አንተ ትሰጣለህ።»

ስንት ዓመት ያልጠየቀው ነገር ነው። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረው። እናትየው ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ልጅቷ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። አባባ፣ አትላከው። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ወንድሟ ከበሩ ዞር ብሎ አያት፣ በአንድ ዓይኑም ጠቀሳት። ወጣ።

አባትየው በልቶ፣ ጋደም ብሎ፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር። ያነቃው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ጩኸት ነው፤ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ የመጣ ወፍራም ሰውዬ።

«ኧረ ጉድ ነው፣ ቁልፍ ቀራጩ! ይኼ ምንድን ነው የሰጠኸኝ? ማንኪያ ነው? ሊጡ ውስጥ ቀርቷል፣ በሩ አይከፈትም!»

በእጁ የያዘውን አሳየ። ቁልፍ ነው፤ ጥርስ ግን የለውም። ተሞርዶ፣ ተሞርዶ፣ ለስላሳ ዘንግ ብቻ ቀርቶታል።

አባትየውና ልጅቷ እየሮጡ ሄዱ። ሱቁ ፊት ሰዎች ቆመዋል፤ ማንም አይስቅም። ልጁ በአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሞርዳል። በምስማሮቹ ላይ በረድፍ የተሰቀሉት ቁልፎች በሙሉ፣ የሰው በር፣ የሰው ሣጥን፣ የክሊኒኩ መድኃኒት ቤት ሳይቀር፣ ጥርሳቸው ረግፏል። የብረት ብናኝ ጉልበቱ ላይ እንደ አመድ ተቆልሏል። ጣቶቹ ደምተዋል፤ እሱ ግን አላወቀውም።

«ልጄ» አለ አባትየው።

«አባባ፣ ጨረስኩልህ እኮ!» ፊቱ ያበራል። «ማዕዘን ላይ ዴሪቬቲቭ የለም፤ መስመሩ ይሰበራል። ሰው ሁሉ እዚያ ማዕዘኑ ላይ ነው የሚታነቀው። ስንት ዓመት ማዕዘን ስትሠራላቸው ኖርክ። አለሰለስኩላቸው። አሁን ይተነፍሳሉ።»

አባትየው አልተቆጣም። አንዱን ቁልፍ ከምስማሩ አውርዶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ አንድም ሻካራ ቦታ የለበትም። ይህን ያህል ልስላሴ እሱ ራሱ አውጥቶ አያውቅም። ከዚያ ሱቁን ሊዘጋ የራሱን ቁልፍ ፈለገ። እሱም ተሞርዷል።

«ይቅር» አለ። «ክፍት ይደር።» ሞረዱን ከልጁ እጅ ወሰደና ጣቶቹን በመሐረቡ ጠቀለለለት፤ ልጁን መሐል አድርገው ሦስቱም ወደ ቤት ሄዱ። መንገድ ላይ ሰዎች ገለል ይሉላቸዋል።

እናትየው ገና ሳይነግሯት ገባት። «ቁጥሩ ነው! ያ ቁጥር ተመልሶ መጣ! ማነው ያመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ከመጋረጃው ጀርባ ያስተምረኝ ነበር። ግን ቁጥሩ አይደለም፣ እማ። ኪኒኑን መዋጥ ትቷል። ሲተፋው አይቻለሁ። ፈተናዬን ብዬ ዝም አልኩ።»

እናትየው ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። ቁጭ አለች። «እኔኮ ፊቴን...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

«እኔ መጻሕፍቱን ስቆልፍ ኖርኩ» አለ አባትየው ለማንም ሳይሆን። «ልጁን ክፍት ትቼ።»

ወንድሟ መተኮሻው አጠገብ፣ በቦታው ተቀምጧል። እግሩ ወለሉን ሳያቋርጥ ይመታል። ልጅቷ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ኮርሱን እተወዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ምን?» ዐይኑ ፈጠጠ። «ታዲያ እኔ ለምን ተፋሁት? ለምን? ትቀልጂብኛለሽ?»

«እሺ፣ አልተወውም። እፈተናለሁ። እወድቅ ይሆናል፤ ግን ባንተ ጤና አላልፍም።»

«አውቀሽበታል እኮ! አሁን ትገምቻለሽ፣ ታያለሽ። ያን ሁሉ በዚያ ጥጥ ውስጥ ሆኜ አስተምርሽ ነበር? አንድ ቃል፣ ከዚያ ዝም፣ አንድ ቃል፣ ከዚያ ዝም! እንደዚያ መኖር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሐኪሙስ ያውቃል?»

እግሩ ቆመ።

«ጥጥ ይሞላብኛል ብለኸው ታውቃለህ?» አለችው።

ለማሰብ ሲሞክር ፊቱ ተጨማደደ። «እማ ናት የምታወራው። 'ደህና ነው፣ ይተኛል፣ ይበላል፣ አያስቸግርም' ትለዋለች። እውነቷን ነው። አያስቸግርም።» ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፉ ወጣ። «እኔን የጠየቀኝ የለም።»

በሩ አጠገብ ያሉት አባትና እናት ሲሰሙት መሬት መሬት አዩ።

«ነገ እንሂድና አንተው ንገረው» አለች። «መትፋትህንም፣ ጥጡንም፣ ሁሉንም። መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይ ሌላ ይሰጥሃል፣ አላውቅም። ግን ካልነገርከው ከየት ያውቃል?»

«ያስተኙኛል።»

አያስተኙህም ልትለው ፈለገች። ያን አልጋ፣ ያን ረጅም ኮሪደር፣ በሳምንቱ መጨረሻ በመስታወት በኩል ታየው የነበረውን የወንድሟን ፊት ታስታውሳለች። መዋሸት ግን ሰልችቷታል። «ያስተኙህ ይሆናል» አለችው።

ከውጭ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ ሰው በር ይደበድባል፤ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ቁልፉ እንቢ ያለው አንዱ ይሆናል። ሁሉም ሰሙት። ወንድሟ በመሐረብ የተጠቀለለ ጣቱን ወደ ጆሮው አነሣ፤ ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት ታየ። ያደረገውን ያወቀው ገና አሁን መሰለ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለ። «በሩን እኔ ነኝ የዘጋሁበት?»

አባትየው ቀስ ብሎ መጥቶ ትከሻው ላይ እጁን አሳረፈ።

«ውስጥ ድረስ ትገቢያለሽ?» አላት እህቱን። «ከበሩ አትመለሺም?»

«እገባለሁ።»

«እማስ? አትናገርልኝም?»

«አፌን ሰፍቼ ነው የምቀመጠው፣ የኔ ጌታ» አለች እናቱ።

«ቃሉ ቢጠፋኝስ? መሐል ላይ ቢቆምብኝ?»

«እንጠብቃለን» አለች ልጅቷ። «እንደ መጀመሪያው ቀን። በማግሥቱ ጨርሰኸው የለም?»

ውጭ በሩ መደብደቡ አላቆመም። ወንድሟ አንድ ጊዜ ወደ መጋረጃው፣ አንድ ጊዜ ወደ እጁ ተመለከተ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ጠዋት እኔው ገብቼ እነግረዋለሁ። ቢያስተኙኝም።»